ግሬናዳ ላይ የራምና የቸኮሌት ቴስቲንግ፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

ሚሚ ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ለጋብቻ በዓላችን ግሬናዳ ልንሄድ ነው፣ ካሪቢያን ያለችው ደሴት ማለቴ ነው ስፔን ያለችው ከተማ አይደለችም። አማቴም ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ስላሉ ብቻቸውን ትተናቸው አንሄድም ብለን አብረውን ይሄዳሉ። የያዝነው ሆቴል ከሚያዘጋጃቸው ነገሮች አንዱ ጋይድ ያለው የራምና (ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ጠንካራ መጠጥ) የቸኮሌት ቴስቲንግ፣ ማለትም ቅምሻ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ይላል፣ አራት አይነት ራም ከአራት አይነት ቸኮሌት ጋር ያቀርባሉ። ባለቤቴ በጣም ጓጉቷል። እኔ መጠጥ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ በዓል ላይ ጠጅ ወይ አንድ ብርጭቆ ወይን ነው፣ ራም ደሞ ኮክቴል ውስጥ ካልሆነ ብቻውን ቀምሼው አላውቅም። ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ለኔ አይነት ሰው ገንዘቡን ያወጣል ወይ? ምን ምን ያደርጋሉ? ሰክሮ መውጣት አለ ወይ? ደሞ ዋናው ነገር ፕሮግራሙ ያለው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው፣ አማቴ ደሞ ፆማቸውን አጥብቀው ነው ሚይዙት፣ መጠጥም አይነኩም፣ እሳቸውን ሆቴል ትተን መሄዱ ከበደኝ። የሞከራችሁ ወይ በስራችሁ ምታውቁት ካላችሁ እስቲ በደንብ አስረዱኝ፣ ዝርዝር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቢኒ ባር፦

እህቴ እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ዲሲ ባር ውስጥ ነው ምሰራው፣ እንደዚህ አይነት ፕሮግራም ራሴም አዘጋጃለሁ፣ ስለዚህ ከውስጥ ልንገርሽ። ገንዘቡን ያወጣል፣ ግን እንደ መጠጥ ግብዣ አስበሽው ከሄድሽ አያወጣም። ሚቀዳልሽ በጣም ትንሽ ነው፣ ብርጭቆው ታች ላይ ትንሽ ነገር፣ ጨርሺውም ሚልሽ የለም፣ መትፊያ እቃም ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት፣ ከሌለ ጠይቂ። እኛ ባለሙያዎቹ ራሳችን እንተፋለን፣ ምንም ነውር የለውም።

ምሳ በልታችሁ ግቡ፣ ባዶ ሆድ ላይ ራም አይነካም። ግን በርበሬ የበዛበት ነገር ከበላሽ ምላስሽ ለተወሰነ ጊዜ በደንብ አይለይልሽም፣ ሽቶም አትቀቢ፣ ለሌላውም ሰው ያስቸግራል። ውሃ ብዙ ጠጪ በየመሃሉ።

ከዛ የአሸታተቱ ነገር። ወይን ሲቀምሱ አይተሽ እንደሆነ አፍንጫቸውን ብርጭቆ ውስጥ ከተው ነው ሚስቡት። ራም ላይ እንደዛ ካደረግሽ አልኮሉ ያቃጥልሻል ከዛ በኋላ ሌላ ነገር አይሸትሽም። ብርጭቆውን ከአገጭሽ አካባቢ ያዢው፣ አፍሽን ትንሽ ክፈቺ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ሙዝ፣ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ አንዳንዴ የበሰበሰ አናናስ ሚመስል ነገር ይመጣል፣ ይሄ የመጨረሻው በተለይ ጃማይካ ራም ላይ ነው ኃይለኛ የሚሆነው፣ ብዙ ቀን ሚያብላሉት ስላለ።

ቸኮሌቱን አታኝኪው! ይሄን ነው ሁሌ ለሰው ምደጋግመው። ቁራሹን ቆርሰሽ ስሚው መጀመሪያ፣ በደንብ የተሰራ ከሆነ ቀጭ ይላል። ከዛ ምላስሽ ላይ አስቀምጠሽ ተይው ይቅለጥ። የኮኮዋ ቅቤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ስለሚል አፍ ውስጥ ራሱን ችሎ ይፈታል። መቅለጥ ሲጀምር ነው ራሙን ትንሽ ፉት ምትይው፣ ያኔ ስቡ ምላስሽን ስለሸፈነው የአልኮሉ ማቃጠል ይለዝባል፣ አልኮሉ ደሞ በተራው ቸኮሌቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ሽታ ያወጣዋል። እኔን እስከዛሬ ሚገርመኝ ይሄ ነገር ነው፣ ሁለቱም ለየብቻ የሌላቸው ጣዕም አብረው ሲሆኑ ይመጣል። መጠጥ ማይወዱ ሰዎች ናቸው እንደውም ብዙ ጊዜ ይሄን ቶሎ ሚያገኙት፣ ምክንያቱም ለመጠጣት ሳይሆን ለመቅመስ ነው ሚመጡት።

ዳዊት ቶሮንቶ፦

ቢኒ በሌላው ሁሉ እስማማለሁ ቸኮሌት ቀድሞ ሚለው ላይ ግን አልስማማም ወንድሜ። ቸኮሌት ምላስን ከሸፈነ በኋላ ራሙ ራሱ ምን እንደሚመስል በምን ታውቀዋለህ? እኔ ባርባዶስ ላይ የገባሁበት ቦታ ሴትዮዋ ራሙን ብቻውን አስቀመሰችን፣ ከዛ ነው ቸኮሌት ያመጣችው፣ ያኔ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ባርባዶስ ደሞ ስለ ራም አያውቁም ማለት አይቻልም፣ ማውንት ጌይ ሚባለው ፋብሪካቸው የሰነድ ማስረጃው 1703 ላይ ነው ሚጀምረው።

ቢኒ ባር፦

ዳዊት ልክ ነህ፣ አሳጥሬ ስለጻፍኩት ነው እንጂ አይጋጭም። መጀመሪያ ራሙን በጣም ትንሽ ለብቻው፣ ምላስን ብቻ ሚያረጥብ፣ እሱን ለይተህ ታውቀዋለህ። ውሃ። ከዛ ቸኮሌቱ፣ ሲቀልጥ ሁለተኛው ፉት። ሴትዮዋ ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ሚሚ አንቺ ግን ጠንካራው ነጭ ራም ሲመጣ የመጀመሪያውን ፉት ዝለይው፣ ለለመደም ሰው ይከብዳል፣ እሱን በቸኮሌት ብቻ ቅመሺው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥቁር ቀለም ያለው ራም ሁሉ ያረጀ እንዳይመስላችሁ፣ ካራሜል ይጨመርበታል ለቀለም። በእንጨት በርሜል የቆየውን ምታውቁት በጣዕሙ ነው፣ ቫኒላ፣ ቅመም፣ ትንሽ ምላስን ሚያደርቅ ነገር። በርሜሎቹ አብዛኛዎቹ አሜሪካ ቦርበን ተቀምጦባቸው የነበሩ ናቸው፣ ቦርበን በህጉ አዲስ በርሜል ውስጥ መግባት ስላለበት አንዴ ካገለገሉ ይሸጧቸዋል፣ ካሪቢያኖቹ ይገዟቸዋል። ሙቀቱ ደሞ ኃይለኛ ስለሆነ እዛ በየዓመቱ ከበርሜሉ ሚተነው ስኮትላንድ ከሚተነው በብዙ ይበልጣል፣ ስለዚህ ካሪቢያን ውስጥ ጥቂት ዓመት የቆየ ራም ቀዝቃዛ አገር ብዙ ዓመት ከቆየ መጠጥ ጋር ይወዳደራል።

ማጣመሩ ላይ ደሞ፣ በርሜል ውስጥ ብዙ ከቆየው ጋር 82% ቸኮሌት (ፐርሰንቱ የኮኮዋው ድርሻ ነው) አልመክርም፣ ሁለቱም አፍ ያደርቃሉ ተደምረው መራራ ነው ሚሆኑት። 70% አካባቢ ያለው ይሻለዋል። መቶ ፐርሰንቱን ጣፋጭ ከሆነ ራም ጋር።

የወንጂ ልጅ፦

እኔ ወንጂ ነው ያደኩት፣ አባቴ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሰራው፣ ስለዚህ ይሄ ርዕስ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ራም ማለት የሸንኮራ አገዳ መጠጥ ነው በቃ። ሁለት መንገድ አለ፣ አንደኛው ስኳሩ ከወጣ በኋላ ሚቀረውን ሞላሰስ አብላልቶ ማውጣት፣ አብዛኛው የዓለም ራም እንደዚህ ነው። ፊንጫ ላይ ኢታኖል ሚወጣውም ከዚሁ ሞላሰስ ነው። ሁለተኛው ስኳር ሳይወጣለት አገዳው ተጨምቆ ትኩሱን ጭማቂ ማብላላት ነው፣ ማርቲኒክ ላይ ፈረንሳዮቹ በዚህ ታውቀዋል፣ በፈረንጆቹ 1996 የራሱ የሆነ የትውልድ ቦታ ጥበቃ፣ ማለትም ስሙ በህግ የተጠበቀለት ሁሉ ሆኗል። የጭማቂው ራም የሳር፣ የእርጥብ አገዳ ሽታ አለው፣ አገዳ ሲቆረጥ ማሳ ውስጥ ቆሞ ለሚያውቅ ሰው በጣም ነው ልብ ሚነካው።

ሚሚ ግሬናዳ ከሄዳችሁ ሪቨር አንትዋን ሳታዩ እንዳትመለሱ! ሰሜን ላይ ሴንት ፓትሪክ ሚባለው አካባቢ ነው፣ ከ1785 ጀምሮ የሚሰራ ፋብሪካ ነው፣ እስካሁን አገዳውን ሚጨምቀው በውሃ ሚዞር ትልቅ ጎማ ነው። እኔ እዛ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ውሃው በቦይ መጥቶ ጎማው ላይ ሲወርድ ጎማው እያቃሰተ ይዞራል፣ ሁለት ሰዎች አገዳውን ወደ መጭመቂያው ያጎርሳሉ፣ ጭማቂው በአንድ በኩል ይወርዳል፣ ባጋሱ (ተጨምቆ የቀረው የአገዳ ገለባ) በሌላ በኩል ይወጣና ደርቆ ያው ጭማቂውን ማፍያ ማገዶ ይሆናል። ሚባክን ነገር የለም። ከዛ ተፈልቶ ሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ እርሾ ማንም አይጨምርበትም አየር ላይ ያለው ነው ሚያብላላው፣ ላዩ ላይ አረፋ እያወጣ ቀናት ይቀመጣል። ወንጂ ላይ ይሄ ሁሉ በትልልቅ ማሽን ነው ሚሰራው፣ እዛ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰው በዓይኑ እያየ ሚረዳው ነገር ነው፣ አባቴን ባሳየሁት ብዬ ተመኘሁ።

ሚወጣው ራም በርሜል ውስጥ አይቀመጥም፣ ነጭ ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ አልኮሉ 75% አካባቢ ነው። መንገደኛ ይዞት እንዲሄድ ብለው 69% ያደረጉትም አለ፣ ምክንያቱም ከ70% በላይ አልኮል አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፣ ይሄን አደራ እወቁ።

የኔ ምክር ቴስቲንጉን መጀመሪያ ቀን ላይ አታድርጉት። መጀመሪያ ፋብሪካውን እዩ፣ ኮኮዋውን ዛፉ ላይ እዩ፣ ከዛ ነው ቁጭ ብሎ መቅመስ። ሳታዩ ከቀመሳችሁ ጋይዱ ሚላችሁ ነገር ሁሉ በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣል።

ሚሚ ሜሪላንድ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንደዚህ አይነት መልስ አልጠበኩም። ባለቤቴ ከጎኔ ቁጭ ብሎ እያነበበ ነው፣ የውሃ ጎማውን ሲያይ በቃ አለቀለት። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ መኪና ተከራይተን ራሳችን ብንነዳስ? የአማቴን ነገር ደሞ ማንም አልመለሰልኝም።

ሀናን ዶሃ፦

ሚሚዬ እኔ ልመልስልሽ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ መጠጥ አልነካም፣ ግን ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ግሬናዳ ሄጄ እዚሁ አይነት ፕሮግራም ላይ ተቀምጫለሁ። ቀድመሽ በኢሜል ንገሪያቸው፣ እኔ ቀድሜ ስለነገርኳቸው በራሙ ፋንታ ኮኮዋ ቲ አዘጋጁልኝ፣ በጣም ነው የተደሰትኩት። ኮኮዋ ቲ ማለት የአገሩ ሰው ጠዋት ጠዋት ሚጠጣው ነው፣ የተቆላ ኮኮዋ ተወቅጦ ከቅመም ጋር እንደ ኳስ ይድቦለቦላል፣ እሱ ተፈቅፍቆ ውሃ ውስጥ ከቀረፋና ከገውዝ ጋር ይፈላል። ገውዙ የነሱ ነው፣ ባንዲራቸው ላይ ራሱ አለ። አንዳንዱ ወተት ይጨምርበታል ስለዚህ ለእናታችን ያለ ወተት ይሁን ብለሽ ተናገሪ።

ቸኮሌቱም ለፆም ችግር የለውም መለያውን ካየሽ። ዳርኩ (ጥቁሩ ቸኮሌት) ኮኮዋ፣ ስኳርና የኮኮዋ ቅቤ ብቻ ከሆነ ቅቤ ሚለው ቃል እንዳያስደነግጣቸው፣ ከፍሬው ራሱ ሚወጣ የተክል ስብ ነው፣ ከላም ጋር ምንም አያገናኘውም። ሚልክ ሚለውን፣ ወተት ያለበትን ተዉት። ፐርሰንቱ ደሞ የኮኮዋው ድርሻ ነው፣ 71% ከሆነ የቀረው 29 አብዛኛው ስኳር ነው ማለት ነው። የግሬናዳ ቸኮሌት ካምፓኒ ሚባሉት 60፣ 71፣ 82 እና 100 አላቸው፣ እኔ 71 ላይ ነው የቀረሁት። እነሱ በፈረንጆቹ 1999 ነው የጀመሩት፣ ኮኮዋ አምራች አገር ሁሌ ጥሬውን ሸጦ ቸኮሌቱን ከአውሮፓ መልሶ ሚገዛበትን ነገር እዛው ደሴቲቱ ላይ በመስራት ለመቀየር ብለው፣ በፀሐይ ኃይል ነው ማሽናቸውን ሚያስኬዱት። ይሄን ሲነግሩኝ ስለኛ ቡና ነበር ማስበው።

መንዳቱን ግን አትሞክሩት። እዛ በግራ ነው ሚነዳው፣ መንገዱ ጠባብና ተራራ ለተራራ ጥምዝምዝ ያለ ነው፣ በዛ ላይ ባልሽ ሊቀምስ ነው። ሾፌር ያዙ ለቀኑ፣ ሆቴሉ ያገናኛችኋል። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ በዶላር ነው ወይስ በነሱ ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ፣ የነሱ ኢስት ካሪቢያን ዶላር ነው፣ 1 የአሜሪካ ዶላር 2.70 ነው ተመኑ፣ ሁለቱንም ዶላር ነው ሚሉት።

ከሪቨር አንትዋን ብዙም ሳይርቅ ቤልሞንት ኢስቴት አለ፣ የኮኮዋ እርሻ ነው፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም ታያላችሁ። እዛ ፍሬውን ሰብረው ያስቀምሷችኋል፣ ዘሩን የሸፈነው ነጩ ነገር ጊሽጣ ላይ ሎሚ የተጨመቀበት ነው ሚመስለው፣ ቸኮሌት ቸኮሌት አይልም ጭራሽ። ቸኮሌት ሚለው ሽታ ሚመጣው ዘሩ እንጨት ሳጥን ውስጥ ቅጠል ተሸፍኖ ስድስት ሰባት ቀን ሲብላላ፣ ከዛ ሲደርቅና ሲቆላ ነው። ማድረቂያው ትልልቅ የእንጨት አልጋ ነው ባቡር ሐዲድ ላይ፣ ዝናብ ሲመጣ ገፍተው ቤቱ ስር ይከቱታል። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ዘሩ መሃል እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ እንዲገላበጥ፣ እኔንም ግቢ አሉኝ ገባሁ፣ ከታች ያለው ገና እርጥብና ሞቅ ያለ ነው፣ ላዩ ደረቅ፣ እግር ነው ልዩነቱን ሚያውቀው።

ጋሽ ከበደ፦

ልጆቼ መልካም ጉዞ። እኔ ስለ አቀማመሱ አላውቅም፣ አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ። ያ አገዳና ያ ኮኮዋ መጀመሪያ የተተከለው በባርነት ከአፍሪካ በተጋዙ ሰዎች ጉልበት ነው። ሪቨር አንትዋን 1785 ሲባል ባርነት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከመቅረቱ ወደ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው፣ የቀረው ነሐሴ 1 ቀን 1834 በነሱ አቆጣጠር ነው፣ እሱም ወዲያው ነፃ አላወጣቸውም፣ ልምምድ ብለው እስከ 1838 ድረስ ለዛው ጌታ አሰሯቸው። ግሬናዳ ላይ ደግሞ በ1795 ጁልየን ፌዶን ሚባል የራሱ እርሻ የነበረው ክልስ ሰው ባሪያዎቹን ነፃ አውጥቶ ከእነሱ ጋር እንግሊዞች ላይ ተነስቶ አብዛኛውን ደሴት ከዓመት በላይ ይዞ ነበር። ተራራው እስካሁን በስሙ ነው ሚጠራው። የሚያስጎበኛችሁን ልጅ ስለዚህ ጠይቁት። ጥሩ ጋይድ ከሆነ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል፣ ታሪኩን ዘሎ ስለ ጣዕም ብቻ ሚያወራ ከሆነ ግን ግማሹን ነው ያስጎበኛችሁ።

ሌላው፣ ከኢትዮጵያ ነን ብላችሁ ንገሯቸው። በካሪቢያን ሁሉ ራስ ተፈሪያን አሉ። ጃንሆይ በኛ አቆጣጠር በ1958 ሚያዝያ ጃማይካ ሲወርዱ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የነበረውን ሕዝብ ያየ እስከዛሬ ያወራዋል፣ ከዛ በፊት ትሪኒዳድም ነበሩ። ለእናታችሁ የሚሰጣቸውን አክብሮት ታያላችሁ።

ሚሚ ሜሪላንድ፦

ጋሼ በጣም ነው ማመሰግንዎት፣ ይሄን ለባለቤቴም ለእናቱም ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው። ሀናንዬ አንቺማ ችግሬን ፈታሽልኝ፣ ዛሬውኑ ኢሜል እልካለሁ።

(ከተመለስኩ በኋላ ልጨምር ብዬ ነው)

ተመልሰናል። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም ይሆናል። የወንጂ ልጅ እንዳለው ፋብሪካውንና እርሻውን ሐሙስ አየን፣ ቴስቲንጉ ዓርብ ሆነ። ጋይዳችን ወጣት ሴት ናት፣ አያቷ ኮኮዋ ለቃሚ ነበሩ፣ ስለ ፌዶን ጠየኳት ቸኮሌቱን አስቀምጣ ነው ያወራችልን ከነ ቦታው። ከኢትዮጵያ ነን ስንላት ተነስታ አማቴን አቀፈቻቸው።

ከአራቱ ለኔ የተመቸኝ አምስት ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየው ከ71% ጋር ነው። ቢኒ ያልከው ነገር እዛ ላይ ገባኝ፣ ለብቻው ስቀምሰው ራሙ ጉሮሮዬ ላይ እሳት ነበር፣ ቸኮሌቱ ላይ ሲሆን ግን መጀመሪያ ዘቢብ ነገር መጣ፣ ቆይቶ ደሞ ብርቱካን ልጣጭ፣ ራሙን ከዋጥኩት በኋላ ነው ብርቱካኑ የመጣው፣ ጋይዷ ጠብቂ ጠብቂ ትለኝ ነበር። ነጩን ግን አልቻልኩትም፣ ባለቤቴ ነው የጨረሰው። ዝንጅብል ያለበት ቸኮሌት ከቅመም ራም ጋርም ነበረ፣ ብዙ ሰው ወዶታል ለኔ ዝንጅብሉ ሁሉንም ነገር ዋጠው።

አማቴ ኮኮዋ ቲ ያለ ወተት ተፈላላቸው፣ ገውዙን ራሳቸው ነው የፈቀፈቁት፣ ከዛ ሽታውን ሰምተው ቅመሙ አነሰ ብለው ቀረፋ አስጨመሩ፣ ጋይዷ ቀምሳ የሳቸውን ነው የወደደችው። አሁን ቤት ውስጥ በየጠዋቱ ያፈላሉ። አንድ ቅር ያለኝ ነገር አብረውን ከነበሩት ውስጥ ባዶ ሆዳቸውን የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ ሶስተኛው ላይ ጮክ ጮክ ማለት ጀመሩ፣ የጋይዷ ድምፅ አልሰማ አለን፣ ስለዚህ ከቻላችሁ ሰው ያነሰበትን ሰዓት ምረጡ።

ሳሚ አትላንታ፦

ደስ ሚል ነው። እኛም ልንሄድ ስለሆነ አንድ ጥያቄ፣ ራሙንና ቸኮሌቱን እንዴት አመጣችሁት? በማያሚ ነው ምንመለሰው።

የወንጂ ልጅ፦

ሳሚ ጠርሙሱ ላይ ከ70% በታች መሆኑን እይ። ከ24% እስከ 70% ያለው በሻንጣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፣ ያልተከፈተ መሆን አለበት። አሜሪካ ስትገባ ያለ ቀረጥ ሚያልፍልህ ግን በጥቅሉ 1 ሊትር ነው 21 ዓመት ከሞላህ፣ ከዛ በላይ ካለህ ተናገር፣ ቀረጥ ሊያስከፍሉህ ይችላሉ። ከዲውቲ ፍሪ ከገዛህ ደሞ ማያሚ ላይ ሻንጣህን ተቀብለህ መልሰህ ስታስረክብ ጠርሙሱን እዛው ሻንጣ ውስጥ ክተተው፣ አለዚያ ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ሊወስዱብህ ይችላሉ። ልብስ መሃል በደንብ ጠቅልለው።

ሚሚ ሜሪላንድ፦

ቸኮሌቱን እኛ በእጅ ነው የያዝነው፣ ጠጣር ስለሆነ ችግር የለውም። የኮኮዋ ኳሱንም ቸኮሌቱንም ምግብ አለን ብለን ተናገርን አሳለፉን። ትኩስ የኮኮዋ ፍሬ ግን አትያዙ ይወስዱባችኋል። ያስቸገረን ሙቀቱ ነው፣ ሾፌሩ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞት የባለቤቴ ቸኮሌት ቀለጠ፣ ቤት ስንደርስ መልሶ ጠጥሮ ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ወጣበት። ሻግቶ ነው ልጣለው እያለ ነው። ቢኒ ምን ትላለህ?

ቢኒ ባር፦

እንዳይጥለው! ሻጋታ አይደለም፣ ቸኮሌቱ ሲቀልጥ የኮኮዋ ቅቤው ተለያይቶ ላዩ ላይ ወጥቶ ስለጠጠረ ነው። ይበላል፣ ቀጭ ማለቱና ማብረቅረቁ ነው የጠፋው፣ አፍ ላይም ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለቴስቲንግ አይሆንም እንጂ ለእናታችን ኮኮዋ ቲ ፈቅፍቃችሁ ጨምሩበት፣ ስኳር ስላለው ሌላ ስኳር ቀንሱ። የቀረውን ደሞ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ እርጥበት ይነካውና የሽንኩርት ሽታም ይስባል። በደንብ ተጠቅልሎ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ቅመም ካለበት ቁም ሳጥን ግን አርቁት።